በጎኔ ተኝቼ የሠራኋት መርከብ

ዓርብ፣ ሰኔ 20 ቀን 2017

ተኚ ተባልኩ። በግራ ጎንሽ ተኚ፣ ለመጸዳጃ ካልሆነ አትነሺ፣ ውሃ አታንሺ፣ ልብስ አትጠቢ። ዶክተሯ ይህን ሁሉ ስትናገር የምታየው እኔን ሳይሆን ባሌን ዘርሁንን ነበር። ሚያዝያ ላይ የማህፀኔን በር የሰፋችበት ክር ይዟል፤ ግን ዙሪያው እየሳሳ ነው አለች። ዛሬ ሃያ አራት ሳምንት ሞላኝ። «ነሐሴን እንጨርስ፣ ከዚያ በኋላ አልፈራም» አለች። እስከዚያ ትፈራለች ማለት ነው።

ይህን ደብተር የሰጠችኝ የዘርሁን እህት ኤልሳቤት ናት። የሚመጣልሽን ጻፊበት፣ ለማንም አታሳዪ ብላኛለች።

ዘርሁን ዱከም መጋዘን በሚሠሩበት ቦታ አናጢ ነው። ሰኞ ከሰበታ ይሄዳል፣ ቅዳሜ ይመጣል። እዚያ የነበረ አንድ የውጭ አገር መሐንዲስ አገሩ ሲገባ ትቶት የሄደውን ሳጥን አመጣልኝ። አልተከፈተም። ክዳኑ ላይ ሁለት ምሰሶ ያላት መርከብ ተስላለች። ውስጡ ስስ እንጨት፣ ክር፣ ከጥፍር ያነሱ ምስማሮች፣ በማላውቀው ቋንቋ የተጻፈ የሥዕል መመሪያ።

«እጅሽ ሥራ ፈትቶ አያውቅም» አለኝ።

«አንተ አትሠራትም እንዴ? አናጢው አንተ።»

«የኔ ጣት ለዚህ ወፍራም ነው። ቀስ ብለሽ ሥሪያት።»

መርከብ አይቼ አላውቅም። ልጅ ሆኜ አባያ ሐይቅ ላይ የዓሣ አስጋሪ ጀልባ አይቻለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ውሃ ማለት ለእኔ ቧንቧ ነው።


ሰኞ፣ ሰኔ 23

ዘርሁን ሄደ። የቤታችን ባለቤት አዴ ጠጅቱ ቁርስ አቀረቡልኝ። ባላቸው ኦቦ ሞቱማ ደግሞ የአሮጌ ቁም ሣጥን በር አምጥተው በሁለት የሳሙና ካርቶን ላይ አስቀመጡልኝ። ጠረጴዛዬ ሆነ። በጎኔ ተኝቼ እጄ ይደርሳል።

«አካም ቡልቴ፣ ኢንታላ ኮ?» ይሉኛል ጠዋት ጠዋት በመስኮቱ። እንዴት አደርሽ ልጄ ማለታቸው ነው። ናጋ፣ ደህና፣ እላቸዋለሁ።

መጀመሪያ የጀርባ አጥንቷን ዘረጋሁ። ከዚያ ጎድኖቿን አንድ በአንድ በየቀዳዳቸው ሰካሁ፣ ኮላ አደረግሁ። አሥራ አንድ ጎድን። ስትቆም ሥጋውን ውሻ የበላው ዓሣ ትመስላለች። በእነዚህ ጎድኖች ላይ ቀጫጭን ጣውላ ጎን ለጎን እየተለጠፈ ገላዋ ይሸፈናል። ሥዕሉ እንዲህ ነው የሚለው።

ይሄን ሥራ የማውቀው መሰለኝ። ጫማ ፋብሪካ ሰባት ዓመት የሠራሁት ቆዳ መወጠር ነው። የእግር ቅርጽ ያለው እንጨት አለ፣ ፎርማ እንለዋለን፤ ቆዳውን በላዩ ስበን እንወጥራለን። ተረከዙ ላይ ቀላል ነው። ጣቶቹ ጋ ሲደርስ ነው የሚሸበሸበው።


ዓርብ፣ ሰኔ 27

የመጀመሪያው ጣውላ ተሰበረ። ሁለተኛውም። አፍንጫዋ ጋ ሲታጠፍ ቀጭ ይላል። ድምፁ ደስ አይልም።

ዝናብ።


ማክሰኞ፣ ሐምሌ 1

ኦቦ ሞቱማ የተሰበሩትን አይተው ሳቁ። በዘመናቸው ብዙ ሞፈር ጠርበዋል።

«እንጨት በግድ አይታጠፍም» አሉኝ። «መጀመሪያ አጠጪው። ከዚያ አሙቂው። ከዚያ ወዴት እንደምትፈልጊው ቀስ ብለሽ አሳዪው። እምቢ ካለሽ መልሰሽ አጠጪው።»

«ስንት ጊዜ?»

«እስኪሰማሽ ነዋ።»

አዴ ጠጅቱ ፔርሙስ ሙሉ ሙቅ ውሃና ረጅም ሳፋ ሰጡኝ። ጣውላውን ነክሬ ጋደም አልኩ። ስነቃ ለስልሶ ጠበቀኝ። አፍንጫዋ ላይ ሳስጠጋው ድመት እንደሚተጣጠፍ ታጠፈ። በልብስ መቆንጠጫ ያዝኩት። ከሰዓት በኋላ ሙሉውን እሱን ሳየው ዋልኩ። ሌላ ምንም አልሠራሁም። መሥራትም አላማረኝም።


ቅዳሜ፣ ሐምሌ 5

ዘርሁን መጣ። በሩ ላይ ቆሞ «ደህና ነው?» አለኝ።

«ደህና ነው።»

ከዚያ መርከቧ አጠገብ ተቀመጠና መቆንጠጫዎቹን ቆጠረ። ስለ ኮላው ጠየቀኝ፣ ስለ ጎድኖቹ ርቀት ጠየቀኝ። አራት ጣውላ በግራ በኩል ለጥፌያለሁ። «ጥሩ እጅ አለሽ» አለ። እራት በላን፣ ጸለይን፣ እሱ መሬት ላይ ፍራሽ አንጥፎ ተኛ። እንዳልገፋሽ ብዬ ነው ይላል።

ትናንት ሃያ ስድስት ሳምንት ሆነ። አልጠየቀኝም፣ አልነገርኩትም።


እሑድ፣ ሐምሌ 6

ዘርሁን ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ሳለ አዴ ጠጅቱ በረንዳው ላይ ከጎረቤት ጋር ሲያወሩ ሰማሁ። ቆርቆሮ ግድግዳ ምንም አይደብቅም።

«ሦስተኛዋ ነው፣ እኮ። ያለፈው ስድስት ወር ሞልቶት ነበር። እኔ ነኝ አንሶላውን ያጠብኩት።»

«ምን ነክቷት ነው?»

«ፋብሪካ ቆማ እየዋለች ነዋ። አትቀመጥም።»

እውነታቸውን ነው። ያን ጊዜ ተቆጣጣሪያችን ሮዛ «ከከበደሽ ተቀመጪ» ብላኝ ነበር። አልከበደኝም አልኳት። ስለምን እንዳልኳት አሁንም አላውቅም።

አምስተኛውን ጣውላ ለጠፍኩ።


ሰኞ፣ ሐምሌ 14

ሃያ ሰባተኛው ሳምንት ዓርብ ሞላ። ያለፈው ጊዜ እዚህ ድረስ ነበር። ስለዚህ ብዙ አልጽፍም።

ኦቦ ሞቱማ ተፍኪ ዘመድ ጠይቀው መጡ። ሜዳው በሙሉ ውሃ ተኝቶበታል፣ ከብት የሚግጥበት ጨፌ ባሕር መስሏል፣ ረጃጅም እግር ያላቸው ወፎች መጥተዋል አሉ። ይህን ሰምቼ ከሰዓት ስተኛ ተፍኪን አየሁ። ውሃው ዝም ብሎ ነበር። የአጥር ጫፎች ብቅ ብቅ ብለዋል። መርከቧ ገና ጎድኗ ብቻ ነው፣ ጣውላ የላትም፤ ግን ትሄዳለች፣ ውሃው በጎድኖቿ መሃል ይገባል ይወጣል። አትሰጥምም። እኔ መንገዱ ዳር ቆሜ፣ ከቆምኩ ብዙ ጊዜዬ ነው፣ አሁንስ አሁንስ እያልኩ አያታለሁ። አንድ ወፍ የኋላዋ ላይ አርፎ ወደ እኔ አየ።

ስነቃ ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ነበር። ሆዴ ውስጥ ደግሞ እንቅስቃሴ። እጄን አስቀምጬ ጠበቅሁ። ረጅም ጊዜ ዋኘ። ለመርከቧ ይሆን ለሌላ፣ አይዞህ ማለቴን ሰማሁ።


ሰኞ፣ ሐምሌ 21

መርከቧ ተጣመመች።

ግራ ጎኗን እስከ ታች ጨርሼ ነበር። ቀጥ ያለች መስሎኝ ነበር። ኦቦ ሞቱማ ጠዋት በመስኮቱ ሰላም ሲሉኝ ከአፍንጫዋ በኩል አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው አዩ፣ ደግመውም አዩ።

«ምነው አባባ?»

«ዞራለች፣ ልጄ። ሞፈርም አንድ ጎኑን ብቻ ከላግሽው ይዞራል። ከዚህ አንድ፣ ከዚያ አንድ ነበር።»

መመሪያውን እንደገና አወጣሁ። ሥዕሉ ላይ አለ። አንድ ከግራ፣ አንድ ከቀኝ፤ ቀስት ሳይቀር አድርገውበታል። ሦስት ሳምንት ሙሉ እያየሁት አላየሁትም። ሁልጊዜ እንዲህ ነኝ። ሁሉም የሚያየው ነገር ለእኔ የሚታየኝ ካበቃ በኋላ ነው።

አለቀስኩ። ለእንጨት ነው ያለቀስኩት። አዴ ጠጅቱ መጥተው ሆዴን ነካክተው ምንም አለመሆኑን አረጋግጠው ሄዱ።


ሐሙስ፣ ሐምሌ 24

ጨርቅ በሙቅ ውሃ እያራስኩ ጣውላዎቹ ላይ አሳደርኩ። ኮላው ነጭ ሆኖ ለቀቀ። ዘጠኙንም አላቀቅሁ። ሁለት ብቻ ተሰበሩ። ጎድኖቹን ሁለት መጽሐፍ መሃል አስሬ አስተካከልኩ። አንዱ መጽሐፍ ቅዱስ ነው፣ አንዱ የዘርሁን የቴክኒክ ትምህርት ቤት መጽሐፍ።

እንደገና። አንድ ከግራ፣ አንድ ከቀኝ።


እሑድ፣ ሐምሌ 27

ዘርሁን ስለ መጣመሟ ሲሰማ አልሳቀም። «ሁላችንም አንዴ እናጣምማለን» አለኝ።

ከምሳ በኋላ ግቢው ውስጥ ከኤልሳቤት ጋር በስልክ ሲያወራ ሰማሁ። «አልችልም» ይል ነበር። «እንዳልለምደው ብዬ ነው። ያለፈው ጊዜ ከለመድኩት በኋላ ነው። አንቺ አታውቂውም።» ከዚያ «እሺ፣ ጸልዪልን» አለ።

ስለ ምን እንደሚያወሩ አልጠየቅሁም። ስለ ሥራው ይሆናል። በቀኝ በኩል ሁለተኛውን ጣውላ ለጠፍኩ። መቆንጠጫው ሁለት ጊዜ ከእጄ ወደቀ።


እሑድ፣ ነሐሴ 4

ትናንት አልመጣም። ኮንክሪት እንሞላለን አለ። ይሁን።

ጣውላዎቹ ወደ አፍንጫዋ ሲሄዱ መጥበብ አለባቸው፤ አለዚያ ይደራረባሉ። በምላጭ እየላግሁ አጠባለሁ። የቀኙን ከግራው ጋር ገጥሜ አያለሁ። ቸኩዬ አይደለም የምሠራው። ደህና የተለጠፈ አንድ ጣውላ አላቅቄ እንደገና ለጠፍኩት። ትንሽ የተዛባ መስሎኝ ነው። አዴ ጠጅቱ «ደህና ነበር እኮ» አሉ። እኔም ደህና እንደነበር አውቃለሁ። ገና ነሐሴ መጀመሪያ ነው፣ ምን አስቸኮለኝ?


ማክሰኞ፣ ነሐሴ 6

ጠዋት ሆዴ ጠነከረ። ለቀቀ። እንደገና። በየሩብ ሰዓቱ።

አዴ ጠጅቱ ባጃጅ ጠሩ። ለዘርሁን አትደውሉ አልኳቸው። እሺ አሉኝ።

የምጽፈው ሆስፒታል ነው። ጉሉኮስ። መርፌ፣ ለሳንባው ነው አሉ። ነገም ሁለተኛው ይሰጠኛል። ሠላሳ ሳምንት ከአራት ቀን። ቀደመ።

ምንም አይደለም። ምንም አይደለም።


ረቡዕ፣ ነሐሴ 7

ቆሟል። አንድም ጊዜ አልጠነከረም ከጠዋት ጀምሮ።

አዴ ጠጅቱ ደውለው ኖሯል። ዘርሁን ትናንት ከሰዓት መጣ። ጥበቃው በዚህ ጫማ አትገባም ስላለው በር ላይ አውልቆ በካልሲ ገባ። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ሲሚንቶ ነው። አልጋዬ አጠገብ ቆመ። ተቀመጥ አልኩት፣ አልጋውን አቆሽሻለሁ አለኝ።

«ለምን አልደወልሽልኝም?»

«ኮንክሪት ትሞላላችሁ ብለህ ነበር።»

«ተስፋነሽ።»

«ለመርከቧ ነው የምትመጣው ብዬ ነው» አልኩት። አፌ ላይ መጣ። ልናገረው አስቤ አልነበረም።

አጠገቤ ያለችው ሴት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረችልን።

«ያለፈው ጊዜ ሆድሽን አነጋግረው ነበር» አለ። «ታስታውሺያለሽ? በየቀኑ። ከዚያ የሆነው ሆነ። ዘንድሮ ከሩቅ ሆኜ ይለፍ ብዬ ነበር።»

«እኔ ከሩቅ መሆን አልችልም እኮ፣ ዘርሁን። እኔ ውስጥ ነው ያለው።»

ወለሉ ላይ ተቀመጠ፣ ጀርባውን ለአልጋው ብረት ሰጥቶ። ትንሽ ቆይቶ እጁን ወደ ኋላ ዘርግቶ ብርድ ልብሱ ላይ አሳረፈ። እኔ ቦታውን አስተካከልኩለት። ልጁ የት እንደሚረግጥ እኔ ነኝ የማውቀው።


ማክሰኞ፣ ነሐሴ 13

ቤት ነኝ። ዘርሁን አሁን በየቀኑ ይመላለሳል። ጨለማ ሳይገፈፍ ይወጣል፣ በሦስት ሚኒባስ ዱከም ይደርሳል፣ በዚያው ይመለሳል። ይህ ሁሉ መንገድ አያስፈልግም ብዬው ነበር። አስፈላጊነቱን ማን ጠየቀሽ አለኝ።

የቀረው በሆዷ በኩል ሦስት ሦስት ጣውላ ነው።


ሰኞ፣ ነሐሴ 19

የመጨረሻው ጣውላ ገባ። በግራና በቀኝ መካከል የቀረችው ክፍተት ከኋላ ሰፊ ከፊት ቀጭን ነበረች፤ ቅጠል ትመስላለች። ወረቀት አስቀምጬ በጣቴ ጥፍር ቅርጿን አነሳሁ፣ በወረቀቱ ልክ እንጨቱን ቆረጥኩ። አምስት ጊዜ ሞከርኩ። በስድስተኛው በትንሽ ግፊት ገጠመ። ድምፅ እንኳ አላሰማም።

ጎድኖቿ አሁን አይታዩም። ወደ ብርሃን ስይዛት ውስጧ ጨለማ ነው። ደስ አለኝ፣ ትንሽም ቅር አለኝ። ውስጧን ያየሁት ሰው እኔ ብቻ ነኝ።


እሑድ፣ ነሐሴ 25

ስንጥቆቿን በኮላና በእንጨት ብናኝ ሞላናቸው። ዘርሁን ብርጭቆ ወረቀት ይዞ ግቢው ውስጥ፣ ከጣሪያው ሥር ይፈገፍጋታል። ብናኙ አንቺ ጋ አይገባም ብሎ በሩን ዘጋ። ከዚያ በእርጥብ ጨርቅ ጠርጎ ያመጣልኛል። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ በአውራ ጣቴ እዳብሳታለሁ። ፋብሪካ ውስጥ የቆዳ ሽብሽብ የምንፈልገው እንዲህ ነው፣ ዓይን ያታልላል።

«እዚህ» እላለሁ። በእርሳስ ምልክት ያደርጋል። ይወጣል። ይፈገፍጋል። ይመለሳል።

«አሁንስ?»

«ትንሽ። ከዚህ በታች።»

«ምንም የለም እኮ።»

«አለ።»

ዓይኔን ስገልጥ እሱም ጨፍኖ ሲዳብሳት አገኘሁት። ዝናቡ ቆሞ ነበር። ወፎች። ለስንት ሰዓት እንዲህ እንደቆየን አላውቅም፤ ሰዓቱ የት እንደገባ የጠየቀም የለም።


ዓርብ፣ ነሐሴ 30

ነሐሴ አለቀ። ሠላሳ አራት ሳምንት። አልተናገርኩም፣ ዘርሁንም አልተናገረም። ግን እራት ላይ ሁለታችንም ያለ ምክንያት ፈገግ አልን።


እሑድ፣ ጳጉሜ 2

ውሃ። አልጋው ሙሉ። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት።

ዘርሁን ቤት ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ባጃጅ ሊጠራ በባዶ እግሩ ወጣ።


ማክሰኞ፣ ጳጉሜ 4

ወንድ። እሑድ ከሰዓት በዘጠኝ ሰዓት። ሁለት ኪሎ ከመቶ ግራም።

አለቀሰ። ድምፁ ቀጭን ነበር፤ ግን አለቀሰ። ሌሎቹ አላለቀሱም ነበር። ይህን እስከ ዛሬ አልጻፍኩትም።

ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት ክፍል አስገቡት። እጁ ላይ ባለው ፕላስተር «የተስፋነሽ ልጅ» ተብሎ ተጽፏል። በየሦስት ሰዓቱ ሄጄ ጡቴን አልቤ በሲሪንጅ እሰጣለሁ። መተንፈሻ አፍንጫው ላይ አለ። ጎድኑ አንድ በአንድ ይቆጠራል።


ሐሙስ፣ መስከረም 1 ቀን 2018

አዲስ ዓመት። ነርሷ የክፍሉ በር ላይ አደይ አበባ ሰክታለች።

መተንፈሻውን አወለቁለት። ነርሷ ዘርሁንን ሸሚዝህን ክፈት አለችው። እሱ እኔን አየኝ። «እኔ? እጄ ሻካራ ነው» አላት።

«እጅህን ማን ጠየቀህ፣ ደረትህን ነው።»

ልጁን ዳይፐር ብቻ አድርጋ ደረቱ ላይ አስተኛችው፣ በነጠላ አሰረቻቸው። ዘርሁን መጀመሪያ አልተነፈሰም። ተንፍስ፣ እሱም ከአንተ ነው የሚማረው አለችው። ከዚያ ተነፈሰ። ሁለት ሰዓት ተቀመጠ። እግሩ ደንዝዞ እንኳ አልተንቀሳቀሰም። እኔ ወንበሩ ላይ ሆኜ እንቅልፍ ይዞኝ ሄደ፤ ስነቃ ሁለቱም እንዳሉ ነበሩ። ዘርሁን ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር። የሚጸልይ መስሎኝ ተውኩት።


ሰኞ፣ መስከረም 5

ዘርሁን ቤት ሲሄድ መርከቧን ቫርኒሽ ቀብቷታል። በስልኩ አሳየኝ። መጀመሪያ የቀባው ሳይደርቅ ዝናብ ወቅቶት አረፋ አውጥቶ ነበር፤ ፈግፍጎ እንደገና ቀባ። አሁን የገላዋ ቀለም የማር ነው። የጣውላዎቹ መጋጠሚያ እንደ ቀጭን መስመር ይታያል። አፍንጫዋ ጋ ሁለቱ ጎኖች እኩል አይደሉም፣ የቀኙ ትንሽ ይበልጣል።

«ይታያል?» አልኩት።

«ለሚያውቅ ይታያል።»

ምሰሶና ሸራ ይቀራታል። ይቅራት ለጊዜው።


ዓርብ፣ መስከረም 9

ዛሬ ወጣን። ሁለት ኪሎ ከሦስት መቶ ሃምሳ። ጡት ራሱ ይጠባል።

ነርሷ የመውጫውን ወረቀት ስትሞላ ቀና ብላ «ስም?» አለች።

ስለ ስም ተነጋግረን አናውቅም። ሰኔም፣ ሐምሌም፣ አንድም ቀን። እኔ ዘርሁንን ላየው ስዞር እሱ ቀድሞኝ መለሰ።

«አቤኔዘር። አቤኒ ነው የምለው።»

«የምለው?» አልኩት።

ፊቱ ቀላ። ነርሷ መጻፏን አቁማ ሁለታችንንም አየችን።

«ማለቴ… ሚኒባስ ውስጥ» አለ። «ጠዋት ስሄድ። ማታ ስመጣ። ሰው አጠገቤ ሲተኛ ልጃችንን አወራው ነበር። ሰኞ ሰኞ ዛሬ እናትህን አደራ እለዋለሁ። ቅዳሜ ሲሆን ደርሻለሁ እለዋለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ግንቦት ይመስለኛል።»

«ሴት ብትሆንስ ኖሮ?»

«አቤኒ ለሴትም ይሆናል ብዬ ነበር።»

ነርሷ ጻፈችው። አቤኔዘር ዘርሁን። ማህተም አደረገችበት። እኔ ወረቀቱን ተቀብዬ ማንበብ አቃተኝ፤ ዘርሁን ከእጄ ወስዶ አጥፎ ኪሱ ከተተው።

ስንት ሳምንት ሙሉ በግራ ጎኔ ተኝቼ ብቻዬን የተሸከምኩት መስሎኝ ነበር። ለካ ልጁ በየሳምንቱ ከሰበታ ዱከም፣ ከዱከም ሰበታ ከአባቱ ጋር ሲመላለስ ነበር።